ማኅተም ያረፈበት መስመር

ያኔ ጎንደር ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም ይላሉ። ውሸት ነው። ነበረ። እኔ ከማሽኑ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ ስለነበር አውቃለሁ። ያልነበረው ተነሥቶ የሚያይ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ጠፍቶ አይደለም፤ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ደግሞ እኛው አባረርናት።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በቅርቡ አንድ ጉዳይ ላስፈጽም ሄጄ ሁለት ሰዓት ያህል ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስጠጋ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ «ኔትወርክ የለም» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። ጥያቄው ገረማት። ፀሐይ ለምን ጠለቀች ብዬ የጠየቅኳት ይመስል ፈገግ አለች። «የለም ነው የምልህ አባቴ፤ ነገ ሞክር።» ከኋላዋ ያለው ኮምፒውተር ማራገቢያው እያጓራ የሞቀ አቧራ ይተፋል። ያ ሽታ፣ የተለበለበ ፀጉርና ፕላስቲክ የሚሸት ነገር፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እግሬ ወደ ቤት ሲያዘግም ሐሳቤ ከብዙ ዓመት በፊት ወደተውኩት ክፍል ገብቶ ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊከበር አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች እነሱን የማይመለከት ይመስላቸዋል። ቢሮ ስላልተገኘልኝ ጠረጴዛዬን ሰርቨሩ ካለበት ክፍል አስገቡልኝ። ሰርቨር የሚሉት አንድ ወፍራም ግራጫ ኮምፒውተር ነበር። በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ውጭው ዓለም የሚወጡት በእሱ በኩል ነው። ክፍሉ ከጣልያን ዘመን የቀረ ቤት ውስጥ ነው፤ ወለሉ ጣውላ፣ ጣውላው በየሳምንቱ በናፍጣ የሚወለወል። መጋረጃው ሰማያዊ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ውኃ ውስጥ የተቀመጥን ያስመስለን ነበር። የናፍጣ ሽታ፣ የሞቀ አቧራ ሽታ፣ የማራገቢያው ጉርምርምታ። ወጣትነቴን አስታውስ ስባል የሚመጡልኝ እነዚህ ናቸው፤ ሌላው ሰው ስለ አበባና ስለ ወንዝ ሲያወራ እቀናለሁ።

ማሽኑን የምትጠብቀው ቴክኒሻኗ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ቤተሰቦቿ አራዳ ላይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ የሚነግዱ የጎንደር እስላሞች ናቸው። ወንድሟ ከጨርቁ ሱቅ አጠገብ የኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን እዚያ መሥራት አልፈለገችም። «ሱቅ ውስጥ አንዴ ከቆምኩ ሠላሳ ዓመት ቆሜ ነው የምቀረው» ትለኝ ነበር። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ፈጥና ትራመዳለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከመስታወት ይልቅ ጠመንጃ መፍቻ ይገኛል። የተቀጠረችው ለስድስት ወር ሙከራ ነው። ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለፈች ትሰናበታለች። ነገሩ ሲጀመር የቀራት አንድ ወር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ሰሞን አዲስ ፈጣን መስመር ገብቶልን ነበር። ከዚያ በፊት በስልክ መስመር የሚሠራ፣ ሞደም የሚሉት አንድ አሮጌ ሣጥን ነበረን፤ እሱ ተነቅሎ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ጸሐፊዋም ዳንቴል አለበሱት። አዲሱ መስመር በገባ ማግስት ጠዋት ስንመጣ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም። ቢሮ ለቢሮ ፋይል ይሄዳል፣ ፕሪንተር ያትማል፣ ከግቢው ውጪ ግን ዝም ነው። ቴክኒሻኗ ተቀመጠች፣ አየች፣ አንድ ነገር ጻፈች፣ ሠራ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ዝም። እንደገና አስተካከለች፤ ሠራ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ፦ ጠዋት ሙት፣ ረፋዱ ላይ ሕያው።

አሠራሯን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ትከፍትና መጀመሪያ ማሽኑ ራሱን እንዲጠራ ታዘዋለች። አለህ? አለሁ። ቀጥሎ የጎረቤት ክፍሉን ኮምፒውተር። አለህ? አለሁ። ከዚያ አሮጌውን ተክቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዲሱን ሣጥን፤ እሱም አለሁ ይላል። ከዚያ ወዲያ፣ ከግቢው ውጪ ያለውን ስትጠራ ግን መልስ የለም። «አየህ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ሰው ሁሉ ኔትወርክ የለም ይላል። የት ድረስ እንዳለ፣ ከየት ጀምሮ እንደሌለ ግን የሚጠይቅ የለም። ከዚህ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ጠፋ ቢሉህ፣ መጀመሪያ አምባ ጊዮርጊስ ደርሷል ወይ ብለህ አትጠይቅም?» በዚያ ዕድሜዬ ስለ ዕውቀት ፍለጋ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት አንብቤ ነበር። ሁለቱም ተደምረው ይህቺን ያህል አላስተማሩኝም።

ከዚያ ማሽኑ የሚመራበትን ሠንጠረዥ አወጣችልኝ። እያንዳንዱ መስመር አንድ መመሪያ ነው፦ እገሌ ዘንድ የሚሄድ በዚህ በር ይውጣ። ከሁሉም ዋናው መስመር ግን በዜሮዎች የሚጀምረው ነው። ትርጉሙ፣ የማታውቀው አገር ሁሉ በዚህ በር ይውጣ ማለት ነው። እሱ አንድ ብቻ መሆን ሲገባው በየጠዋቱ ሁለት ሆኖ ይገኛል። አንዱ ወደ አዲሱ ሣጥን ይልካል፤ ሌላው ማንም ወደማያውቀው አድራሻ። ማሽኑ ደግሞ የሚያምነው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ከጎኑ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፣ አነስተኛ ቁጥር ማለት ቅርብ መንገድ ማለት ነው። «ተራ አስከባሪው መንገደኛውን ሁሉ ሾፌር በሌለው አውቶቡስ ላይ እየጫነ ነው» አለችኝ። ትሰርዘዋለች። ጠዋት ተመልሶ ይመጣል።

ማን እንደሚጽፈው ግን አላወቀችም። ቫይረስ ነው ብላ ፈተሸች፤ የለም። ማሽኑ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ነገር ይኖራል ብላ አንድ በአንድ ዘጋች፤ ምንም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታትታ እንደ አዲስ ጫነችው። እንደ አዲስ የተጫነው ማሽን በማግስቱ ጠዋት ያንኑ መስመር ይዞ ተገኘ። ያን ቀን ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደተቀመጠች ትዝ ይለኛል። እጆቿ ጥቁር አቧራ ለብሰው ነበር።

በዚህ መሃል መሥሪያ ቤቱ የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበር። ምርመራው የተካሄደው ሻይ ቤት ነው። ውጤቱም ይህ ነው፦ ማሽኑ የሚሠራው እሷ ስትነካው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምታበላሸው እሷ ናት። እንዲህ ያለውን አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሰዎች አፍ ላይ ሰምቼዋለሁ። ዶክተሩ ባለበት ሁሉ በሽተኛ አለ፣ ስለዚህ በሽታን የሚያመጣው ዶክተሩ ነው እንደማለት ነው። ግን ሰው ይወደዋል፤ ከወንበር መነሣት አይጠይቅምና። ቀጥሎ የወንድሟ ነገር ተነሣ። የእኛ መስመር በዘጋ ቁጥር ሰው ደብዳቤ ለመላክ አራዳ ይወርዳል፤ አራዳ ደግሞ የወንድሟ ቤት አለ። «የነጋዴ ልጅ ናት፣ ምን ትጠብቃላችሁ» አለ አንዱ። ከነጋዴ በቀር ሌላ ቃል ማንም አልተነፈሰም። ያልተነፈሱትን ግን ሁላችንም ሰማነው።

እንቆቅልሹን የፈታው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። በወጣትነቱ ትርጓሜ ቤት የቆየ፣ ቅስና ሳይቀበል መንግሥት ቤት የገባ፣ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ሁላችንም የኔታ እንለው ነበር፤ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለጨዋታ። የሰው ደብዳቤ ሲያርም ደስ የሚለው፣ ነጠላ ሰረዝ ጎደለ ብሎ ፋይል የሚመልስ አስቸጋሪ ሰው ነው። አንድ ረፋድ ፋይል ሊሰጠኝ ገብቶ ከኋላዋ ቆመና ጥቁሩን መስኮት አየ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ማሽኑ የሚመራበት ነው፣ የኔታ።»

«ንባቡን ተይው፤ ትርጓሜውን ንገሪኝ።»

በትዕግሥት መስመር በመስመር ነገረችው። ዜሮዎቹ ጋ ሲደርሱ እጁን አነሣ። «ቆይ። ይህስ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንድም በዚህ ውጣ፣ አንድም በዚያ ውጣ ይላል።»

«አዎ። ግን ማሽን እንደ እናንተ ሁለቱንም አይዝም። አንዱን ብቻ ያምናል።»

«የትኛውን?»

«የሞተውን።»

«እንግዲያ የእኛም መሥሪያ ቤት እንዲሁ ነው» አለና ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም። መነጽሩን አውልቆ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ። ይህ ቁጥር በእጄ አልፏል።»

ወጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አቧራ የጠገበ ፋይል ታቅፎ ተመለሰ። ፋይሉ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አሮጌውን ሣጥን ሲተክል ያስቀረው መመሪያ ነው። «ዘወትር ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚከተለው ይጻፍ» ይልና ከሥሩ ያንኑ መስመር አስቀምጧል፦ የማታውቀው አገር ሁሉ በአሮጌው ሣጥን በኩል ይውጣ። ቴክኒሻኗ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አንድ ፊደል ቢጨምርበት ኖሮ ማሽኑ ለዘለዓለም ይይዘው ነበር» አለች። «አንድ ፊደል አሳጥሮ ሰው በየጠዋቱ እንዲጽፍለት አደረገ።» ግልባጩ የተላከው ለማን እንደሆነ ሁላችንም ዝቅ ብለን አየን። ለጸሐፊዋ።

ጸሐፊዋ የሁላችንም እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። የክፍሎቹን ቁልፍ ሁሉ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ይገባሉ። እኔ ከማራኪ በሚኒባስ የምመጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈርሜ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ አይቼ አላውቅም። ስንጠይቃቸው በኩራት የቁም ሣጥናቸውን በር ከፈቱልን። ከበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ፣ በአራት ሚስማር ተመትቶ፣ ደብዳቤው ተሰቅሏል።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ? አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም። የእናቴ ተዝካር ዕለት እንኳ መጥቼ ጽፌ ነው የሄድሁ።»

ቴክኒሻኗ ሁለት ሳምንት የታገለችው ጠላት እኒህ ሴት ነበሩ፤ በሁለት ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ፣ ሳይገባቸው፣ በታማኝነት የሚጽፉ። ቁጭ አለችና አሮጌው ሣጥን እንደተነቀለ፣ ያ በር አሁን ወደ ባዶ እንደሚወስድ አስረዳቻቸው። እትዬ ሰምተው ሰምተው «ታዲያ ልተወው?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር። «ማኅተም አለበት እኮ።»

ወደ ኃላፊው ሄድን። እዚህ ጋ ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል። እኔም መስሎኝ ነበር። ፋይሉን ገለጠ፣ ማኅተሙን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን መስመር በየቀኑ የምትሰርዢው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ካልሰረዝኩት አይሠራም።»

«ከበላይ አካል በማኅተም የመጣ መመሪያ ትሰርዣለሽ?»

«ሣጥኑ እኮ የለም። መደርደሪያ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፤ ይምጡና ይዩት።»

«ሣጥኑን አልጠየቅኩሽም። መመሪያው ተሽሯል ወይ?»

«አልተሻረም።»

«እንግዲያ ይሠራበታል።»

ከዚያ መመሪያው ይሻርልን ዘንድ ለአዲስ አበባ ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩ። በፖስታ ተላከ፤ ኔትወርክ ስላልነበረ። እሷ መልሱ እስኪመጣ ሰርቨሩን እንዳትነካ ተከለከለች፣ እትዬ ግን እንዲጽፉ ታዘዙ። በዚያ ሳምንት ወደ ክልል በኢሜይል መላክ የነበረበት ሪፖርት ቀነ ገደቡ አለፈበት። ኃላፊው ስልክ ላይ ቆሞ ሲሰደብ በሩ ክፍት ነበር፤ አንገቱ ሲቀላ አይቻለሁ። ስልኩን ሲዘጋ ጥፋቱን የሚጭንበት አንድ ሰው እንደሚያስፈልገው ገባኝ። በማግስቱ ቴክኒሻኗ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

አሁን የምነግርህ ነገር ለዓመታት ለማንም ያልነገርኩት ነው። ልጅቷ በታገደች ማግስት እትዬ ሁለት ሰዓት ላይ ገቡ፣ ማሽኑን አበሩ፣ ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ፣ እና አልጻፉም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላጓደሉ ሴት፣ ለዚያች ልጅ ብለው አጓደሉ። በጎ ያደረጉላት መስሏቸው ነው። መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጅረት ፈሰሰ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም። ምን ሆነ መሰለህ? ኃላፊው በየክፍሉ እየዞረ «አያችሁ?» ይል ጀመር። «እሷ ከሄደች ወዲህ አንድም ቀን ተቋርጦ ያውቃል?»

ሻይ ቤቱ በአንድ ድምፅ አያውቅም አለ።

ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኃላፊው ነው፤ የኔታና እትዬ አባል ናቸው፣ ከሌሎች ክፍሎች የመጡ ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ ስለነሱ የማስታውሰው አንደኛው ስብሰባውን ሙሉ ጥፍሩን በክብሪት እንጨት እንዳጸዳ ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጽሑፍ ያውቃል ተብዬ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቢጫ ነበር፤ ወለሉ በዕለቱ ተወልውሎ ስለነበር ናፍጣው ዓይን ያቃጥላል።

ኃላፊው ጉዳዩን አስረዳ። ሲጨርስ እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ስብሰባ ላይ ተናግረው የማያውቁ ሴት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቆሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የሠራው እኔ መጻፍ ስለተውሁ ነው። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው።»

ክብሪት እንጨቱ ቆመ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለ ኃላፊው፤ ቀስ ብሎ፣ በማባበል። «አዝነውላት ነው፤ ይገባናል። ግን ያሉትን አስበውታል? የታዘዙትን ሥራ ትቻለሁ እያሉ እኮ ነው። ጡረታዎ ስንት ዓመት ቀረው?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ወደ እኔ ዞሩ። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ «እኔ ነኝ» የሚለውን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ኃላፊው አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ እጁን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወዛወዘ።

«ይህ አይያዝ።»

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ትጠይቀኝ ይሆናል። የማስበው ነገር አልነበረም። ሁለት ቃል ሰረዝኩ፣ ከዚያም ስርዙ እንዳያስታውቅ ገጹን ለወጥኩ። እትዬ ይህን ቆመው አዩ። ከዚያ ተቀመጡ።

የኔታ ብቻ ነው ያልፈረመ። ወረቀቱ ሲደርሰው ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካከለ፣ ወደ እኔ መልሶ ገፋው። «የሰማሁት እዚህ ውስጥ የለም» አለ። ኃላፊው «የኔታ፣ አምስት ፊርማ በቂ ነው፤ አይቸገሩ» አለው። አምስት ማለት ኃላፊው፣ ሁለቱ ሰዎች፣ እትዬ፣ እኔ። እትዬ ፊርማቸውን ጀምረው አቋርጠው፣ እንደገና ፈረሙ። እኔ በአንድ ጊዜ ፈረምኩ።

የጻፍኩትን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ። «ቴክኒሻኗ ከሥራ ገበታዋ በራቀችባቸው ቀናት የመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ አገልግሎት ያለ አንዳች መቋረጥ መቀጠሉ፣ የችግሩን ምንጭ በማያሻማ ሁኔታ ያመላክታል።» ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌአለሁ፤ አንዳንዱ ታትሟል፤ ሰዎች ስለ ሐቀኝነቴ አመስግነውኛል። እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የተስተካከለ ግን ጽፌ አላውቅም። አንድም ቃል አይጎድለው፣ አንድም አይተርፈው። ከእውነት በቀር።

እሷ ተሰናብታ ሰኞ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰማያዊው ብርሃን እንደ ወትሮው ነበር። ጠመንጃ መፍቻዋን፣ ሁለት ኬብል፣ ማስታወሻ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ሰላምታ መስሎኝ ልጨብጣት ስል «ቃለ ጉባኤውን» አለች።

ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ማሽን እንደምትመረምረው ነው ያነበበችው፣ መስመር በመስመር፣ ጣቷን እያስኬደች።

«እትዬ ተናግረዋል አሉኝ።»

«አዎ።»

«የት ላይ ነው?»

ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ነጭ ነበር። መልሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ጫፉን ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር አስተካከለችው።

«አጻጻፍህ ሸጋ ነው» አለች።

ምፀት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ስትወጣ በሩ ጋ ቆመች፤ ሊላቀቅ የደረሰ አንድ ኬብል አይታ ነው። ጎንበስ ብላ ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ሄደች። ጣውላው ላይ ፈጣን እርምጃዋ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር።

አገብታ ሑመራ ወረደች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሱዳን ገባች ያሉም አሉ። ሱቅ ውስጥ ቆመች ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወንድሟን አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት አየሁትና ወደ ማዶ ተሻገርኩ። እትዬ ጡረታቸውን አግኝተው ወጡ፤ በስንብታቸው ዕለት ሁሉንም ስመው እኔን ጨበጡኝ። ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለው መልስ እኔ እስክለቅ ድረስ አልመጣም። ዛሬ ያን ዘመን እያነሡ «ጊዜው ነው፣ ቴክኖሎጂ አልነበረም፣ ባለሙያ አልነበረም» የሚሉ እኩዮቼን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ባለሙያ ነበረን። ሠንጠረዡን አንብባ፣ የሞተውን መስመር ለይታ፣ ፋይሉ ሲገኝም ለኃላፊው አስረድታ ነበር። ያባረራት ድህነት አይደለም፣ ኋላ ቀርነትም አይደለም። ጠረጴዛ ከበን የፈረምን አምስት ሰዎች ነን፤ አንዱ ጥሩ ጸሐፊ።

እንግዲህ ይህን ያነበብክ ሰው፣ ማዘንህን አልፈልግም፤ ለኔም ለሷም አይጠቅምም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልግብህ። በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው አንድ ስብሰባ ላይ ትቀመጣለህ። አንድ ሰው ተነሥቶ እውነቱን ይናገራል፤ ሰብሳቢው ወደ አንተ ዞሮ «ይህ አይያዝ» ይልሃል። ያዘው። እዚያው፣ እሱ እያየህ፣ በትልልቁ ጻፈው።